«ለዊንዶውስ 11 አይሆንም» የተባሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክራችሁ የጻፋችኋቸው ይመስላሉ። አብዛኛው ስለ ቢሮ ኮምፒውተር ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንደ ድሮዎቹ በተገኘው ማሽን ላይ ሁሉ አይጫንም። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ትተን ይህንኑ እንጨርሰው። ስለ ስልክ ባትሪ የጠየቃችሁኝ እስከሚቀጥለው ወር ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ በአንድ አነስተኛ የግል ድርጅት ውስጥ አስተዳደር ክፍል ነው የምሠራው። 14 ዴስክቶፖች አሉን። ዕቃ የሚያቀርብልን ሰው «ዊንዶውስ 10 ስለተዘጋ ሁሉም መቀየር አለባቸው» ብሎ ፕሮፎርማ ይዞ መጣ። ሥራ አስኪያጃችን ዋጋውን ሲያዩ ሊያማቸው ነበር። እውነት ሁሉም መቀየር አለባቸው? ካልቀየርናቸው አንድ ቀን ጠዋት አንነሳም ይላሉ?

መልስ፦ ይነሳሉ፣ አይስጉ። ዊንዶውስ 10 አልጠፋም፣ አልተቆለፈምም። የቀረው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደህንነት ጥገና ነው። ከእንግዲህ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንልዎ የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ በብዛት የተመቱት መድፈኛውን ያልጫኑ ዊንዶውስ 7 ማሽኖች ነበሩ። አንዱን ከያዘ በኋላ ሌሎቹን ማንም ምንም ሳይነካ በኔትወርኩ በኩል እየዞረ ነው የለቀማቸው። እና «ይሠራል እኮ» ብሎ መቀመጥ ለትንሽ ጊዜ እንጂ ለዓመታት አያዛልቅም።

ፕሮፎርማውን ግን ገና አይፈርሙ።

ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት ቦታ፣ ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው) ከሴኪዩር ቡት ጋር (ያልታመነ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለው)፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ እና ማይክሮሶፍት ዝርዝሩ ላይ ያስገባው ፕሮሰሰር ነው። ራሙና ቦታው በትንሽ ገንዘብ ይፈታሉ። ቲፒኤሙና ሴኪዩር ቡቱ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ውስጥ አሉ፣ ግን ጠፍተው ነው የተቀመጡት። መላ የሌለው ፕሮሰሰሩ ነው።

ስለዚህ ከእሱ ይጀምሩ። «ሴቲንግስ» ከዚያ «ሲስተም» ከዚያ «አባውት» ሲሉ የፕሮሰሰሩ ስም ይወጣል። ኢንቴል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። አይ5-8500 ካለ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ይሆናል። አይ5-6500 ስድስተኛ ነው፣ አይሆንም። አይ3-10100 አሥረኛ ነው። ከስምንተኛ ጀምሮ ያለው በአብዛኛው ያልፋል፤ ከሰባተኛው ጥቂት ለየት ያሉ ሞዴሎች ብቻ ተፈቅዶላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ተራ ቢሮ ውስጥ አይገኙም ማለት ይቻላል። ኤኤምዲ ከሆነ በጥቅሉ ከራይዘን 2000 ወዲህ ያለውን ይፈልጉ። ሰው በብዛት የሚሸወደው «የእኛ እኮ አይ7 ነው» እያለ ነው። አይ7-4770 በጊዜው ጉልቤ ነበር፣ ነገር ግን አራተኛ ጄኔሬሽን ስለሆነ በሩ ላይ ይቀራል። ተራ የሚመስለው አይ3-8100 ሰተት ብሎ ይገባል።

ፕሮሰሰሩ ካለፈ በኋላ ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ያስኬዱ። «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» ብሎ ቢጽፍ እዚያው ተስፋ አይቁረጡ፣ ከሥሩ ምክንያቱን ይዘረዝራል። «ቲፒኤም 2.0» ላይ ቀይ ምልክት ካለ ማሽኑን እንደገና አስነስተው ባዮስ ውስጥ ይግቡ፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ላይ ኤፍ1 ነው የሚነካው። «ሴኩሪቲ» የሚለው ገጽ ውስጥ ቲፒኤም ተደብቆ ወይም ጠፍቶ ያገኙታል። እዚህ አገር የተገጣጠሙ ዴስክቶፖች ላይ ስሙ ይለያል፤ ኢንቴል «ፒቲቲ»፣ ኤኤምዲ «ኤፍቲፒኤም» ይለዋል። ማብራት፣ ሴቭ ማድረግ፣ መውጣት። ከዚያ ፒሲ ሄልዝ ቼክን ደግመው ሲያስኬዱት ቀዩ አረንጓዴ ይሆናል። አቅራቢው «አይሆንም» ካላቸው መሃል እንዲህ ያሉ ቢገኙ አይግረምዎት።

ሴኪዩር ቡት ላይ ከተያዘ ግን በራስዎ አይንኩት፣ ባለሙያ ይጥሩ። ብዙ የቢሮ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 10 የተጫነው በአሮጌው የባዮስ አሠራር፣ ኤምቢአር በሚባል የዲስክ አከፋፈል ነው። መጀመሪያ ዲስኩ ወደ ጂፒቲ ይቀየራል፣ ለዚህ ዊንዶውስ 10 ውስጥ ራሱ መሣሪያ አለ፣ ፋይልም አይጠፋም። ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ የሠራ ሰው ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀራል።

14ቱንም አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ የዲስኩን ዓይነት ሙሉ። የከሰዓት ሥራ ነው። ስንቱ እንደሚተርፍ ከዚህ ሆኜ አላውቅም፤ አንዱንም ሳይከፍት «ሁሉም» ያለ አቅራቢ ግን ያስጠረጥረኛል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አዲስ አበባ የአንድ ቢሮ አይቲ ነኝ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ነው ያለን፣ ሰባተኛ ጄኔሬሽን። ቲፒኤም 2.0 አላቸው፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) አላቸው፣ ፈጣን ናቸው፤ ፕሮሰሰሩን ብቻ ነው የማይቀበለው። ሩፈስ በሚባለው የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፍተሻውን ማለፍ እንደሚቻል አውቃለሁ፣ አለቃዬም «በቃ አድርገው» እያሉኝ ነው። ላድርገው ወይስ ፕሮሰሰሩን ብቻ በስምንተኛ ልቀይር?

መልስ፦ ፕሮሰሰር መቀየሩን እርሳው። ሶኬቱ ሲታይ አንድ ነው፣ ሁለቱም ኤልጂኤ 1151 ይባላሉ፤ ነገር ግን ስምንተኛው 300 ሲሪስ ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ ይፈልጋል፣ የ7050 ቦርድ አያስነሳውም። ቦርዱን ልቀይር ብትል ደግሞ ዴል ሳጥኑንም ፓወር ሰፕላዩንም በራሱ ልክ ነው የሚሠራው፤ ከገበያ የገዛኸው ቦርድ አልገጥም ሲልህ ቀንህን ትበላለህ።

ሩፈስ ይሠራል። በእሱ ያዘጋጀኸው ፍላሽ የፕሮሰሰሩንም የቲፒኤሙንም ፍተሻ ይዘለዋል፣ ሲስተሙም ደህና ይሄዳል። ችግሩ ከመጫኑ በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ያላሟላ ማሽን ማሻሻያ የማግኘት መብት የለውም ብሎ በግልጽ ጽፏል። እስካሁን ወርኃዊዎቹ ለእንዲህ ያሉ ማሽኖችም እየመጡ ነው፤ በዓመት አንዴ የሚወጣው ትልቁ እትም ግን በራሱ አይመጣም፣ አንተ በየዓመቱ ፍላሽ ይዘህ መዞር ይኖርብሃል። ሕጉም ሊጠብቅ ይችላል። 24ኤች2 የተባለው እትም ሲወጣ ኮር 2 ዱዎን የመሳሰሉትን በጣም ያረጁ ፕሮሰሰሮች ጭራሽ እንዳይነሱ አድርጓቸዋል፣ በሩፈስ የገቡትንም ጨምሮ። ያንተ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ከዚያ በጣም የራቀ ነው፣ ለአሁኑ አያሰጋህም፣ ግን «ለዘላለም አልፌያለሁ» ማለት እንዳልሆነ እወቅ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የሂሳብ፣ የባንክ ዝውውርና የደመወዝ ሥራ የሚሠራባቸው ማሽኖች ላይ ሩፈስ አልጠቀምም። እነሱን መስፈርቱን በሚያሟሉ እተካቸዋለሁ፣ አስፈላጊ ከሆነ ያገለገለ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ገዝቼም ቢሆን። እንግዳ መቀበያ፣ መጋዘን፣ የስብሰባ አዳራሽ ላሉት ግን በሩፈስ 11 መጫን ማሻሻያ የቆመበትን 10 ይዞ ከመቀመጥ ይሻላል። አለቃህም «በቃ አድርገው» ያሉትን በኢሜይል ይጻፉልህ። ነገ ሲበላሽ «ማን አድርግ አለህ» የምትባለው አንተ ነህ።

የተራዘመ ማሻሻያ በክፍያ መኖሩንም ሰምተህ ይሆናል። ለድርጅት በአንድ ማሽን የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ 122 ከዚያ 244 ይደርሳል። ሦስቱን ዓመት ብትደምረው 427 ዶላር፤ ለሰባተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ይህን መክፈል ለእኔ አይዋጥልኝም፣ ለእኛ ደግሞ ዶላሩን ማግኘቱም ራሱ ጣጣ ነው። አንድ ዓመት ገዝቶ በጀት እስኪለቀቅ መተንፈስ ግን ያስኬዳል። ለግለሰብ የተዘጋጀው ርካሽ ነው፣ 30 ዶላር ወይም ሴቲንግህን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ካገናኘህ በነፃ፣ እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ድረስ፤ እሱ ለቤት ኮምፒውተር ነው እንጂ ዶሜይን ውስጥ (በድርጅቱ ሰርቨር ሥር) ለገባ የቢሮ ማሽን አይሆንም። ሁለቱም ዊንዶውስ 10ህ 22ኤች2 እትም እንዲሆን ይጠይቃሉ።

በየሱቁ «እስከ 2032 የሚሠራ ዊንዶውስ 10» እየተባለ የሚሸጠውም አለ። ውሸት አይደለም፣ አይኦቲ ኢንተርፕራይዝ ኤልቲኤስሲ 2021 የሚባለው እትም ድጋፉ እስከ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2032 ይዘልቃል። ግን ፈቃዱ የሚሸጠው እንደ ካሽ ማሽንና የሆስፒታል መሣሪያ ላሉ ዕቃዎች አምራቾች ነው፤ ሱቅ የሚሸጥልህ ክራኩን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሰበረውን ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረምክ? የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ከባሕር ዳር። የምንሠራው በፒችትሪ 2010 ነው፣ የስንት ዓመት ሂሳባችን እዚያ ውስጥ አለ። የቢሮው ደብዳቤዎች ደግሞ በድሮው ግዕዝ ሶፍትዌር የተተየቡ ናቸው። የአይቲው ልጅ «ቅዳሜ መጥቼ ሁሉንም ፎርማት አድርጌ 11 እጭንላችኋለሁ» ሲለኝ ሆዴ ተረበሸ።

መልስ፦ ሆድሽ ልክ ነው እህቴ። ቅዳሜ እንዳይመጣ ንገሪው።

አንደኛ ነገር ፎርማት ለምን አስፈለገ? ማሽኑ መስፈርቱን ካሟላ ዊንዶውስ 10 ላይ እንዳለ ወደ 11 ማሻሻል ይቻላል፤ ፕሮግራሙም ፋይሉም ባለበት ይቆያል። ካልተስማማሽ በ10 ቀን ውስጥ «ጎ ባክ» የሚለውን ተጭነሽ ወደ 10 ትመለሻለሽ። ፎርማት ግዴታ የሚሆነው የተጫነው ዊንዶውስ 10 ባለ 32 ቢት ከሆነ ነው፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ ነው ያለው። ይህንን «አባውት» ገጽ ላይ «ሲስተም ታይፕ» ከሚለው ጎን ታያለሽ። ባለ 4 ጊጋ ራም ማሽኖች ላይ 32 ቢት መጫን የብዙ ባለሙያ ልማድ ስለነበረ ሳታዪ አትለፊው።

ወደ ፒችትሪው እንሂድ። 2010 የተሠራው ለኤክስፒ፣ ለቪስታና ለዊንዶውስ 7 ዘመን ነው። በ11 ላይ ይሠራል ብሎ የሚፈርምልሽ የለም፣ የኩባንያው ምርት እንኳ አሁን ስሙ ሴጅ 50 ነው። አንዳንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ችግር ይከፈታል። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ከጀርባው ያለው ፐርቫሲቭ የሚባለው ዳታቤዝ አልነሳ ይልና ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት ቀጥ ይላል። ያንቺ የትኛው እንደሚሆን ሳይሞከር አይታወቅም፣ ሙከራው ደግሞ ዳታው በተቀመጠበት ዋና ማሽን ላይ መሆን የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ «ፋይል» ውስጥ «ባክ አፕ» ብለሽ የእያንዳንዱን ካምፓኒ ፋይል አውጪ፣ መጨረሻው ላይ ፒቲቢ የሚል ፋይል ይሰጥሻል። እሱን ሁለት ቦታ አስቀምጪው፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይሁን። ከዚያ ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርገሽ ክፈቺና ትራያል ባላንሱ ከዋናው ጋር መግጠሙን እይ። ያልተከፈተ ባክ አፕ ባክ አፕ አይደለም። ሲዲውንና ሲሪያል ቁጥሩንም ፈልጊ፤ ብዙ ቢሮ እነዚህ የት እንዳሉ የሚጠየቀው ማሽኑ ከተደመሰሰ በኋላ ነው፣ የጫነው ሰው ደግሞ ያኔ ሥራ ለቋል።

ከዚያ ብዙ የማይሠራበትን አንድ ማሽን ብቻ ወደ 11 ቀይሩና ለጥቂት ሳምንት ኢንቮይስ ቁረጡበት፣ ሪፖርት አውጡበት፣ አትሙበት። ሁሉም ከሄደ ሌሎቹን፣ ዳታው ያለበትን ዋናውን መጨረሻ ላይ። ካልሄደ ፒችትሪውን አንድ ዊንዶውስ 10 ማሽን ላይ ትታችሁ ከኢንተርኔት ንቀሉት፣ ኢሜይሉና ባንኩ በሌላ ማሽን ይሁን። ይህንን ሁሉ ግን ሰኔ ውስጥ እንዳትሞክሩት! ሰኔ 30 ሂሳብ ሊዘጋ ሲል፣ ወይ ሐምሌ ላይ የግብር ወረቀት ተከምሮ፣ ኮምፒውተር የሚነካ ቢሮ የራሱን መከራ የሚጠራ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም አይጀመር፤ ዩፒኤሱ ባትሪው የሞተ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይቀየር።

ደብዳቤዎቹን በተመለከተ፣ የድሮዎቹ ሶፍትዌሮች ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተር ሁሉ የሚጋራው የፊደላት አሰያየም) አልነበሩም። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፣ አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ ይጠፋል፣ ደብዳቤውም ሲከፈት የኮከብና የቅንፍ መዓት ይሆናል። ሰው ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ፎንቱ ሲመለስ ደብዳቤውም ይመለሳል። ስለዚህ ምንም ከመደረጉ በፊት ሲ ድራይቭ፣ «ዊንዶውስ»፣ «ፎንትስ» ውስጥ ያሉትን የግዕዝ ፎንቶች ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ውልና የሠራተኛ ፋይልን የመሰለ ዋና ዋና ሰነድ በፒዲኤፍም ይቀመጥ፣ ጊዜ ሲገኝም ወደ ዩኒኮድ ይዞር።

ኒያላም አለ። አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ 11 ላይ ኒያላ ፎንት ላይኖር ይችላል። ያኔ ዎርድ በሌላ ፎንት ይተካውና መስመሩ ይንሸራተታል፤ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሁለት ይሆንና የሥራ አስኪያጁ ስምና ማኅተም ሁለተኛው ገጽ ላይ ብቻቸውን ይቆማሉ። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብተሽ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሪ፣ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነው። አይ5-8400 ነው፣ 11 በሥርዓቱ ገባ። አሁን ግን በርቶ ኤክሴል እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። 10 ላይ እንዲህ አልነበረም። ልመልሰው?

መልስ፦ አትመልሰው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫንና ታስክ ማናጀርን ክፈት። «ዲስክ» የሚለው ዓምድ ምንም ሳትከፍት 100 ፐርሰንት ላይ ቆሟል አይደል? የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው ያለህ፣ ራምህም 4 ጊጋ ይመስለኛል። 4 ጊጋ ማይክሮሶፍት ወረቀት ላይ የጻፈው ዝቅተኛው ነው፣ ሰው የሚሠራበት 8 ነው።

ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ግዛ፣ 240 ወይም 256 ጊጋ ለቢሮ ሥራ ይበቃል። ራሙ የዚያ ዘመን ዴስክቶፕ ላይ ዲዲአር4 ነው፤ ዲዲአር3 ቢሰጡህ ጭራሽ አይገባም። ዲስኩን ክሎን ማድረግ (ከነዊንዶውሱ እንዳለ መገልበጥ) ስለሚቻል እንደገና መጫን አያስፈልግህም። ብዙ ቢሮ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» የሚለው ይህችን ነው፤ ከአዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ሳንቲም ናት።

ጥያቄ፦ የቢሯችን ዊንዶውስ በሙሉ ክራክ ነው፣ እንዋሽ ካላልን በስተቀር የማን አይደለም? 11ንም በክራክ ብንጭነው ምን ይመጣል? (አዳማ)

መልስ፦ ሕጉን ታውቀዋለህ፣ አልሰብክህም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ክራኩ ሲጫን መጀመሪያ የሚጠይቅህ ዲፌንደርን፣ የዊንዶውስን የራሱን ጸረ ቫይረስ፣ እንድታጠፋ ነው። ዘበኛውን አሰናብተህ የማታውቀውን ሰው ከነሻንጣው ማስገባት ማለት ነው፣ ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ አታይም። አሮጌ ዊንዶውስ ለደህንነት ብለህ እየቀየርክ በዚያው እጅህ በሩን ትከፍታለህ።

ደግሞስ ላያስፈልግህ ይችላል። ከውጭ የሚመጡት ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ማሽኖች ፋብሪካ ሲወጡ የዊንዶውስ ቁልፋቸው ባዮሱ ውስጥ ተጽፎ ነው። ስምንተኛ ጄኔሬሽን ከሆነ ያ ቁልፍ በአብዛኛው የዊንዶውስ 10 ፕሮ ወይም ሆም ነው፣ ለ11ም ያገለግላል። እዚህ ሲደርስ ግን ባለሙያው በልማድ ደምስሶት ክራክ ኢንተርፕራይዝ ይጭንበታል! ንጹሕ የ11 ፍላሽ አዘጋጅተህ ስትጭነው እትሙን ከባዮሱ አንብቦ ራሱ ይመርጣል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አክቲቬሽን» ገብተህ አረጋግጥ። የተገጣጠመ ማሽን ከሆነ ይህ ዕድል የለህም።

ጥያቄ፦ ደሴ የሚገኝ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። 20 ማሽኖች፣ ሁሉም አይ3-3220፣ 4 ጊጋ ራም። ዎርድ፣ ኤክሴልና ትየባ ነው የምናስተምረው። ኢንተርኔት አልፎ አልፎ ነው። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ መምህር፣ እነዚህ ሦስተኛ ጄኔሬሽን ስለሆኑ ለ11 አይሆኑም፣ በግድ መጫኑንም አልመክርም። የኮምፒውተር ክፍሉ ከኢንተርኔት ውጭ ከሆነ ዊንዶውስ 10ን ይዘው መቆየት ይችላሉ። የእናንተ ጠላት ከኢንተርኔት ይልቅ የተማሪ ፍላሽ ነው፤ ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ እስካሁን አልሞተም። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ዝርዝር ለዊንዶውስ 10 እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2028 እንደሚሰጥ ስላሳወቀ፣ ኢንተርኔት በመጣ ቁጥር እሱን ማደስ አይርሱ።

ኢንተርኔት በቋሚነት ሊገባላችሁ ከሆነ ግን በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ሚንትን ይሞክሩ፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን ቀለል ያለ እትም። አንዴ አውርደው በአንድ ፍላሽ 20ውንም ያለ ኢንተርኔት መጫን ይቻላል፣ ከመጫንዎ በፊትም ከፍላሹ ላይ አስነስተው ፕሪንተሩ መታወቁን ያያሉ። 22 የተባለው እትም እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድጋፍ አለው። በዎርድና በኤክሴል ፋንታ የሚሠራው ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል፣ አማርኛ መጻፊያም ይጨመርበታል። ሁሉንም ግን ሊኑክስ አያድርጓቸው። ልጆቹ ነገ የሚቀጠሩበት ቢሮ ዎርድና ኤክሴል ነው የሚጠብቃቸው፣ የሜኑው አቀማመጥ ደግሞ ይለያል፤ አራት አምስቱ ዊንዶውስ ሆነው ከኔትወርክ ውጭ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። መሥሪያ ቤታችን አሮጌ ዴስክቶፖቹን እያወጣ ለሠራተኛ በነፃ እየሰጠ ነው። ለአጎቴ ልጅ ቢሮ አዲስ አበባ ልልክለት አሰብኩ። ይጠቅመዋል?

መልስ፦ መጀመሪያ ለምን እንደሚያወጣቸው ይጠይቁ። አሁን በየአገሩ ከቢሮ እየወጡ ያሉት በብዛት ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ናቸው። እነሱን ልከው ከሆነ የአጎትዎ ልጅ ማጓጓዣና ቀረጥ ተከፍሎበት የመጣ የእናንተን ችግር ነው የሚረከበው። ዝርዝሩን ይዩ፦ ኦፕቲፕሌክስ 7060፣ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ቲንክሴንተር ኤም720 እና ከእነሱ ወዲህ የወጡት ይሆናሉ። የሞዴል ስም ብቻ አይመኑ። ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚባል በ2012 የወጣ ሦስተኛ ጄኔሬሽን አለ፤ ዴል በ2023 ያንኑ ስም ለአሥራ ሦስተኛ ጄኔሬሽን ደገመው። መርካቶና መገናኛ ያገለገለ የምትገዙም ይህችን ያዟት፣ ፕሮሰሰሩ ሳይታይ ገንዘብ አይወጣም።

መሥሪያ ቤቱ ሲሰጥዎ ሁለት ነገር ያስጨርሱ። የባዮስ ፓስወርዱ ይነሳ። ማሽኑም ከድርጅቱ ኦቶፓይለት መዝገብ (ማሽኑ የማን መሥሪያ ቤት እንደሆነ ማይክሮሶፍት ዘንድ የተያዘበት) ይሰረዝ፤ ካልተሰረዘ አዲስ አበባ ላይ ዊንዶውስ ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ የእርስዎን መሥሪያ ቤት ስም አውጥቶ «የሥራ ኢሜይልዎን ያስገቡ» ይልና እዚያው ይቆማል። ፎርማት ቢደረግም ተመልሶ ይመጣል፣ የሚሰርዘው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ከመታሸጉ በፊት ደግሞ የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ ይዩ። 100-240 ቮልት ከተጻፈበት እዚህ ያለ ሐሳብ ይሰካል። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለበት ግን እዚያው ወደ 230 አዙረው ላዩ ላይ ፕላስተር ይለጥፉበት፣ በ115 እንዳለ እዚህ ከተሰካ በዚያችው ቅጽበት ይቃጠላል።